ሦስት ሰዓት ስንት ሰዓት ነው?

ነገሩ የጀመረው በአንድ አጭር የስልክ መልእክት ነው። ዋጃ የሚኖሩት አጎቴ «ሽማግሌዎቹ ጥር 21 ጠዋት 3 ሰዓት ይቀመጣሉ፤ እንዳትቀር» ብለው ላኩብኝ። የጻፈው የልጅ ልጃቸው እንደሆነ አውቃለሁ፤ «እንዳትቀር» የምትለዋ ቃል ግን የራሳቸው ናት።

ዋጃን ለማያውቅ አንባቢ፦ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች የራያ ቆላ ከተማ ናት። (በየትኛው አስተዳደር ሥር ትሁን የሚለው ክርክር ዛሬም አልተቋጨም፤ የዛሬው ጉዳዬ ግን እሱ አይደለም።) ጉዳዩ በዘመዶቻችን መካከል የተነሳ የእርሻ ይዞታ ጠብ ነበር። ሟቹ አባቴ መሬቱን ማን እንዲያርሰው እንደተናዘዘ በጆሮው የሰማው አሁን በሕይወት ያለ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ የተጠራሁት በሕግ ባለሙያነቴ ሳይሆን በምስክርነቴ ነበር። ጥር የተመረጠውም ያለ ምክንያት አይደለም። ማሽላው ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ሰው እፎይ ብሎ ለመቀመጥ ፋታ የሚያገኝበት ወር ነው።

እኔ ደግሞ በዚያን ሰሞን አዲስ ረዳት ቀጥሬ ነበር። ደመወዝ አይጠይቅም፣ ቡና አይጠጣም፣ ለቅሶ አለብኝ ብሎ አይቀርም። ሰው ሰራሽ አስተውሎት ነው። የእህቴ ልጅ ስልኬ ላይ ጭኖልኝ መልእክቶቼንና ኢሜይሌን እንዲያነብ፣ ቀጠሮዎቼን እንዲመዘግብ፣ ክፍት በሆነው ሰዓት የስብሰባ ግብዣ ሲመጣም በስሜ እንዲቀበል ፈቀድኩለት። «ፈቀድኩለት» የምትለውን ቃል አንባቢ ይያዝልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ረዳቴ የአጎቴን መልእክት አነበበ። «ጥር»ን ጃንዋሪ አደረገው፤ «ጠዋት 3 ሰዓት»ን ደግሞ ፈረንጆቹ ከእኩለ ሌሊት በኋላ በሚቆጥሩት ሦስት ሰዓት ላይ አሰፈረው። በእኛ አቆጣጠር ጥር 13 ከሌሊቱ 9 ሰዓት መሆኑ ነው። እውነተኛው ቀጠሮ ጃንዋሪ 29 ጠዋት፣ በእነሱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ቀኑ በስምንት፣ ሰዓቱ በስድስት ተሳተ። በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። የስልኬ ማስታወሻ በውድቅት ሌሊት ጮሆ ሲቀሰቅሰኝ የብልሽት መስሎኝ አጥፍቼው ተኛሁ። ትክክለኛው ቀን ግን በረዳቴ መዝገብ ላይ ባዶ ስለነበረ አዲስ አበባ ውስጥ የሚደረግ የአንድ ድርጅት ስብሰባ ግብዣ ሲመጣ «በደስታ እገኛለሁ» ብሎ በስሜ መለሰ።

ጥር 20 ማታ አጎቴ ደወሉ። «የት ደረስክ?» አሉኝ። እኔ ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ከአዲስ አበባ ዋጃ በአንድ ሌሊት የሚደረስበት መንገድ አይደለም፤ በዚህ ዘመን ደግሞ በሌሊት የሚነዳ ሰው አይገኝም። የሆነውን ለማስረዳት ሞከርኩ። «አያ፣ ስልኩ ተሳስቶ ነው» ስላቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉና «ሽማግሌዎቹን ስልኩ ቀረ ልበላቸው?» ብለው ዘጉት። በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው፣ ጠብቀው፣ ተበተኑ። ከባላንጣዎቹ አንደኛው ወገን «ምስክር ያልመጣው የሚመሰክረው ስለሌለው ነው» ማለቱን ሰማሁ። እንደ ሕግ ሰው ክርክሩን አልነቅፈውም፤ እኔም ብሆን እሱኑ እል ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን ማሰላሰል የጀመርኩት። የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጅ መቀየር ለኮምፒውተር ከባድ ሒሳብ አይደለም። አሥራ ሦስቱ ወሮች፣ አምስት ወይም ስድስት ቀን ያላት ጳጉሜን፣ በየአራት ዓመቱ የምትዞረው ሠግር ዓመት ሁሉ ለሶፍትዌር ሠሪዎች የታወቁ ናቸው። ሰዓቱማ ስድስት መደመር ወይም መቀነስ ብቻ ነው። ችግሩ ተናጋሪው በየትኛው አቆጣጠር እንደተናገረ ማወቁ ላይ ነው። አንድ የባንክ ሠራተኛ በአፉ «ሦስት ሰዓት እንገናኝ» ይልና በኢሜይል «9፡00» ብሎ ይጽፋል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። የአውሮፕላን ትኬት በፈረንጅ ነው፣ ሠርጉ በሐበሻ ነው። እኛ ይህን ሳንማር እናውቀዋለን። የቀድሞዎቹ የቢሮ ጸሐፊዎች ደግሞ ሲጠራጠሩ «በእኛ ነው በፈረንጅ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። የእኔ ረዳት አልጠየቀም። እርግጠኛ ሳይሆን እርግጠኛ መስሎ ጻፈ።

ማሽን ቀጠሮ ይያዝልን የሚለው ሐሳብ ትናንት የመጣ አይደለም። ኤክስ ዶት ኤአይ የተባለ የኒው ዮርክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ «ኤሚ» የምትባል በኢሜይል ቀጠሮ የምትይዝ ረዳት አቅርቦ ነበር፤ በ2021 አገልግሎቱ ተዘጋ። የዛሬዎቹ ግን ስብሰባ ውስጥ ገብተው ያዳምጣሉ፣ ቃለ ጉባኤ ይጽፋሉ። ዙም እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 የደንበኞቹን ንግግር ለማሽን ማሠልጠኛ ሊጠቀምበት ነው የሚል ጩኸት ሲነሳበት የአገልግሎት ውሉን ለማረም ተገዷል። ኦተር የተባለው የስብሰባ ጸሐፊ ደግሞ ሰዎችን ሳያስፈቅድ ይቀዳል ተብሎ በ2025 ካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት ክስ ቀርቦበታል። ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን በዚያው ዓመት የእስራኤል ተመራማሪዎች ያሳዩት ነው። በጉግል ካላንደር ግብዣ ርዕስ ውስጥ ድብቅ ትእዛዝ ጻፉ፤ ባለቤቱ «የሳምንቱን ቀጠሮዬን ንገረኝ» ብሎ የጉግልን ረዳት ጀሚናይን ሲጠይቅ ረዳቱ የተደበቀውን ትእዛዝ አንብቦ የቤቱን መብራት አጠፋ፣ የመስኮት መከለያ ከፈተ። ጉግል ቀዳዳውን እንደደፈነ ተናግሯል። እንግዲህ ቀጠሮ መጥሪያ ብቻ መስሎን የምንቀበለው ወረቀት ለአሽከራችን በእኛ ስም ትእዛዝ ሊሰጥ ይችላል ማለት ነው።

አሁን ወደ «ፈቀድኩለት» ልመለስ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2199 ውክልናን በአንድ ሰውና በሌላ ሰው መካከል የሚደረግ ውል አድርጎ ይተረጉመዋል። ተወካይ ሰው ነው፤ ለወካዩ ቅን መሆን አለበት፤ ካጠፋ ይጠየቃል። ማሽን ሰው አይደለም፣ ቅንነትም የለውም። ስለዚህ «በደስታ እገኛለሁ» ያለው ማነው? በእኔ ግምት መልሱ አጭር ነው፦ እኔ ነኝ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 የኤሌክትሮኒክ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አይነፈገውም ይላል። በእኔ ስም፣ ከእኔ አድራሻ፣ በእኔ ፈቃድ የወጣ ቃል ነው። ዛሬ የስብሰባ ግብዣ ነበር፤ ነገ የዋጋ ስምምነት ቢሆንስ?

ጥብቅና የቆመ ወዳጄ ይህን ስነግረው የፈራው ሌላ ነገር ነው። የጠበቃ የቀጠሮ መዝገብ ማን፣ መቼ፣ ስለምን እንዳማከረው ይናገራል። የሙያ ምስጢር መጠበቅ በጥብቅና አዋጁ ግዴታ ነው፤ በወንጀል ሕጉም የሚያስጠይቅ ነው። ረዳቱ ግን መዝገቡን የሚያነበው ባሕር ማዶ ባለ ኮምፒውተር ላይ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ዳታ ከአገር ሲወጣ መከበር ያለባቸውን ሁኔታዎችም ደንግጓል። ስልካቸው ላይ እንዲህ ያለ ረዳት ከጫኑት የሙያ ባልደረቦቼ መካከል አዋጁን አንብቦ የጫነ ግን አላጋጠመኝም። እኔም አላነበብኩም ነበር። ብዙ ደም በፈሰሰበት አካባቢ ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ የሚያሳይ ዝርዝር ደግሞ ተራ መረጃ አይደለም።

ሌላም አለ። ከ2013 እስከ 2015 በነበረው ጦርነት የራያ ሰው ስልክ እንኳ ሳይኖረው ወራት ቆይቷል። በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት አልተመለሰም። በዚያን ጊዜ ሽምግልናው አልቆመም። መልእክት በሰው ይላካል፣ በገበያ ይነገራል፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅና በመስጊድ በር ይለፈፋል። ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሽላውን የሚያጠጣው ገበሬ ጎርፉ በሌሊት ያለ ቀጠሮ ቢመጣም ማን ቀድሞ ማን ተከትሎ እንደሚያጠጣ ያውቃል። «የሐበሻ ቀጠሮ» እያልን የምንቀልድበት ሕዝብ መሆኑን አንዘንጋ።

ረዳቴን አላባረርኩትም። ለአዲስ አበባው ስብሰባ ጥሩ ነው፤ የሁለት ሰዓት ወሬን ወደ ግማሽ ገጽ ያወርድልኛል፣ ያንን ጉልበት እኔ የለኝም። በስሜ የመቀበል ፈቃዱን ግን ነሥቼዋለሁ። ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ያለ፣ ሁለቱንም አቆጣጠር የያዘ የግድግዳ ካላንደርም ገዝቼ ጠረጴዛዬ ፊት ሰቅያለሁ።

ከአጎቴ ጋር የታረቅነው ዘመድ ልኬ ነው። ሽማግሌዎቹ ሁለተኛ ዕድል ሰጡኝ። ከመካከላቸው ሙስሊምም ክርስቲያንም ስላለ አዲሱ ቀጠሮ እንዲህ ተቆረጠ፦ «ረመዳን ይውጣ፣ ፋሲካም ይለፍ፣ ከዚያ በሚመጣው ማክሰኞ ጠዋት።» ለሙከራ ያህል ቃል በቃል ለረዳቴ ሰጠሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቀኝ፦ «ከፋሲካ ማግስት ያለው ማክሰኞ ነው ወይስ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ያለው?»

እኔም አላወቅሁትም። ወደ ዋጃ ደወልኩ።