ደንቆሮ አይደሉም

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ሐረር፣ ሸዋ በር ያየሁት ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። አንዲት እናት ጭራሮ ተሸክመው፣ ከሸክሙ ክብደት ጎንበስ ብለው መንገዱን ይዘው ይሄዳሉ። ከኋላቸው ባጃጅ መጣ። ነጂው ከሩቅ ጀምሮ ክላክሱን ያንባርቃል፤ እሳቸው ዘወር እንኳ አላሉም። ባጃጁ ከጭራሮው ጫፍ ስንዝር ሲቀረው፣ ቲማቲም ዘርግታ የተቀመጠች ሴት በልጃቸው ስም «የእገሌ እናት!» ብላ ጮኸች። ሴትዮዋ ያን ጊዜውኑ ወደ ግንቡ ጥግ አሉ። ነጂው አንገቱን አውጥቶ «ደንቆሮ ነሽ እንዴ?» አላቸው። የቆመውም ሰው ከነጂው ጋር ወገነ።

የዚህ ዓምድ አንባቢዎች ከክላክስ ጋር ያለኝን የቆየ ጠብ ታውቃላችሁ። ዛሬ ግን ስለ ጩኸቱ ሳይሆን ስለ ፍርዱ ነው የምጽፈው። በዚያ ሁሉ የሻጭ ጥሪ፣ በዚያ ሁሉ ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ሐረሪና ሶማልኛ መሀል የልጃቸውን ስም ለይተው የሰሙ ሴት እንዴት ደንቆሮ ይባላሉ? ኔቪል ሞሬይ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1959 ያሳተመው ሙከራ አለ። ሰዎች በአንድ ጆሯቸው የሚመጣውን ንግግር ብቻ እንዲከታተሉ አደረገ። በሌላው ጆሮ የሚነገረውን ነገር ከሞላ ጎደል አላወቁትም፤ የገዛ ስማቸው ሲጠራ ግን ከሦስቱ አንዱ ያህል ሰማው።

ክላክሱስ ለምን አልተሰማም? ሁልጊዜ ስለሚጮህ። ሩሲያዊው ሳይንቲስት ፓቭሎቭ እንስሳም ሰውም አዲስ ድምፅ ሲሰማ ጆሮውን የሚያቆምበትን ተፈጥሮ «ምንድን ነው?» የሚል ስም ሰጥቶት ነበር። ከሱ በኋላ የመጣው የሞስኮው ተመራማሪ ዬቭጌኒ ሶኮሎቭ ያንኑ ድምፅ ደጋግሞ ቢያሰማ፣ ያ ንቃት እየሟሸሸ ሄዶ ጠፋ። ድምፁ ትንሽ ሲለወጥ ግን ተመለሰ። ከሁሉ የሚደንቀኝ ደግሞ፣ የተጠበቀው ድምፅ ሲቀርም መመለሱ ነው።

ይህን ለማመን ሞስኮ መሄድ አያስፈልግም፤ መኪና ግርግር በቂ ነው። በስፌት መኪና ድምፅ ስሙን ባገኘው በዚያ መንገድ አንድ ልብስ ሰፊ አጠገብ ተቀምጬ ስናወራ፣ ጎረቤቱ መኪናውን አቆመ። ሰውየው ወሬውን አቋርጦ ቀና አለ፤ «ክር በጠሰበት» አለኝ። ቀኑን ሙሉ ያልሰማውን መኪና፣ ዝም ሲል ሰማው።

«ዘንድሮ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ተደፍቶ ነው» የሚሉኝ አሉ። ጭራሮ የተሸከሙት እናት በየትኛው እጃቸው ነው ስልክ የያዙት?

ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ይህ መላመድ ከጆሮ አልፎ ዓይናችንን መያዙ ነው። ማታ ጅብ በጎናችን ሲያልፍ ወሬያችንን አናቋርጥም፤ እንግዳው ግን ክው ብሎ ይቆማል። ይህስ ደግ ነው፣ ከጅብ ጋር በሰላም ያኖረናል። ግንቡን አለማየታችን ግን ደግ አይደለም። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራው፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ግንብ ሸዋ በር ላይ የጆንያ መደገፊያ፣ የሸራ መወጠሪያ ሆኗል። ከባዕድ አገር የመጣው ሰው እያንዳንዱን ድንጋይ ሲያይ፣ እኛ አንዱ ተፈንቅሎ ቢወድቅ የምናውቀው ስንሰናከልበት ነው። ልጆቻችን ግንቡን በስም ብቻ እንዳያውቁት እሰጋለሁ። የድንጋዩን ነገር በሌላ ሳምንት እመለስበታለሁ፤ የሰዉ ይቀድማል።

የሸዋ በር ባጃጅ ነጂዎች ሆይ፣ ክላክስ መንገድ ማስለቀቂያ አይደለም። ለአደጋ ብቻ አቆዩት፤ ያን ጊዜ ይሰማላችኋል። ገበያው መሀል ስትደርሱ ቀስ በሉ፣ ሸክም ያለበትን ሰው በአፋችሁ ጥሩት። እናቶቻችንንም ደንቆሮ ማለት ይብቃችሁ።