ቤት ጃላ ዊስኮንሲን ውስጥ ድምፅ አትሰጥም

«አሜሪካ ለእስራኤል ሰፈራዎች የምትለሳለሰው በአይሁድ ገንዘብ ነው» የሚሉ ሰዎች አያልቁም። አባባሉ ያረጀ ጥላቻ መሆኑ ሳያንስ ስሌቱም አይሠራም። አይሁድ ከአሜሪካ ሕዝብ 2 በመቶ ገደማ ናቸው፤ አብዛኞቹም የሚመርጡት ዴሞክራት ነው። ብዙ ድምፅ ያለው ወንጌላውያን ክርስቲያኖች ጋ ነው። ትራምፕ ራሱ አልደበቀውም፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ዊስኮንሲን ላይ ቆሞ የኢየሩሳሌሙ ውሳኔ ለወንጌላውያን መሆኑን በግልጽ ተናገረ።

እሺ፣ ሕጉስ? በ1978 የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሕግ አማካሪ ሰፈራዎቹ ከዓለም አቀፍ ሕግ ጋር አይጣጣሙም ብሎ ጻፈ። በ1981 ሬገን ሕገወጥ አይደሉም አለ። በ2019 ፖምፔዮ የ1978ቱን አቋም ሻረ፣ በ2024 ብሊንከን መለሰው። የአራተኛው ጄኔቫ ስምምነት አንቀጽ 49 ግን በዚህ ሁሉ ጊዜ አንዲት ፊደል አልተቀየረችበትም። የተቀየረው አንባቢው ነው።

ዴሞክራቶችም ቢሆኑ አይታሙም ማለት አይደለም። ኦባማ ሰፈራዎቹን እየወቀሰ፣ በ2011 እነሱን የሚያወግዘውን የጸጥታው ምክር ቤት ረቂቅ በቪቶ ጣለው። በ2016 ድምፀ ተአቅቦ አድርጎ ተመሳሳይ ውሳኔ ሲያሳልፍ፣ ሥልጣኑ ሊያበቃ ሳምንታት ቀርተውት ነበር። ድፍረቱ የመጣው የሚፈራው ምርጫ ካለፈ በኋላ ነው። መሣሪያ ጠፍቶ እንዳልሆነ ደግሞ እናውቃለን፦ ትልቁ ቡሽ በ1991 በሰፈራዎቹ ምክንያት የ10 ቢሊዮን ዶላር የብድር ዋስትና አዘግይቷል።

አሁን ደግሞ ሰባኪው ራሱ ቢሮ ገብቷል። የባፕቲስት ፓስተር የነበረው ማይክ ሃካቢ፣ ዌስት ባንክ የሚባል ነገር የለም ሲል የኖረ ሰው፣ በ2025 በእስራኤል የአሜሪካ አምባሳደር ሆነ።

እኛም ጋ ክርክር በተነሳ ቁጥር ዘፍጥረት 12፥3 ይመዘዛል። ማመን መብት ነው። ግን ጥቅሱ የሚያወራው ስለ አብርሃም በረከት እንጂ ስለ ግንባታ ፈቃድ አይደለም።

ቤተ ልሔም አጠገብ ቤት ጃላ የምትባል ከተማ አለች። ለዘመናት ክርስቲያኖች የኖሩባት ናት። ጊሎ የተባለው ሰፈራ ካረፈበት መሬት ከፊሉ ከእሷ የተወሰደ ነው። የአሜሪካው ሰባኪ ስለ ተስፋዪቱ ምድር ሲናገር እነዚህ ክርስቲያን ወንድሞቹ ትዝ አይሉትም። ፖለቲከኛውማ ለምን ትዝ ይበሉት? ዊስኮንሲን ውስጥ ድምፅ አይሰጡም።