ፓምፑ ከመለወጡ በፊት ምርመራ ይቅደም

በታክሲ፣ በሊሞዚን፣ በኡበር ወይም በዕቃ ማድረስ ሥራ ለሚተዳደር ኢትዮጵያዊ መኪናው እንጀራው ነው። የቤት ኪራዩም፣ የልጆቹ ወጪም፣ ወደ አገር ቤት የሚላከው ድጎማም የሚወጣው ከእሱ ነው። መኪናው ጋራዥ በቆመ ቁጥር ገቢው ይቆማል፤ ኢንሹራንሱና ዕዳው ግን አይቆሙም። ነገሩ ይህን ያህል ከባድ ሆኖ ሳለ፣ በወገን መሀል ብዙ መኪና የሚጠገነው በግምት ነው። ይህ ልማድ መቅረት አለበት።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የነዳጅ ጉዳይ ነው። መኪናው መንገድ ላይ ቀጥ ይላል። ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ግማሽ ሰዓት ሲያርፍ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተነስቶ ይሄዳል። ባለቤቱ ስልክ ይደውላል፤ ከወዲያ በኩል ያለው የአገር ልጅ መኪናውን ሳያይ «የነዳጅ ፓምፑ ነው» ብሎ ይፈርዳል። ፓምፑ የሚገኘው ታንኩ ውስጥ ስለሆነ በብዙ መኪናዎች ታንኩ መውረድ ይኖርበታል፤ የዕቃውም የእጅ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ፓምፑ ተለውጦ መኪናው በወጣ በሳምንቱ ያው ችግር ይመለሳል። ሌላ ቦታ እየበላው ሌላ ቦታ ማከክ ማለት ይህ ነው።

በዱሮው አሠራር የኤሌክትሪክ ፓምፕ ቁልፍ ሲዞር ከባትሪው የመጣውን ኃይል እንዳለ ተቀብሎ ሁልጊዜ በአንድ ፍጥነት ይሠራ ነበር። በአሁኖቹ ብዙ መኪናዎች ግን በሞተሩ ኮምፒዩተርና በፓምፑ መካከል አንድ ትንሽ ሣጥን ገብታለች። የነዳጅ ሥርዓት መቆጣጠሪያ ሞጁል ትባላለች። ሞተሩ ብዙ ነዳጅ ሲፈልግ ፓምፑን ታፈጥነዋለች፣ ትንሽ ሲፈልግ ታዘገየዋለች። ይህንንም የምታደርገው ኤሌክትሪኩን በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ በመክፈትና በመዝጋት ነው። እሷ ስትታመም ፓምፑ ደህና ሆኖ ሳለ የሞተ ይመስላል።

ችግሩ የተቀመጠችበት ቦታ ነው። በሊሞዚን ሥራ በብዛት በሚታየው በሸቭሮሌት ሰበርባን፣ እንዲሁም በታሆና በሲልቨራዶ፣ ሞጁሏ የታሰረችው ከመኪናው ኋላ፣ ሻንሲው ላይ ስኮርታ ጎማው አጠገብ ነው። በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው፣ ውሃውና ጭቃው ሁሉ እዚያ ይደርሳል። ከ2004 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. በተሠሩት ፎርድ ኤፍ-150 መኪናዎችም ተመሳሳይ ዕቃ ከስኮርታው በላይ ከብረት ጋር ተጣብቆ ስለሚታሰር የአሉሚኒየም ጀርባው በዝገት እየተበላ ውሃ ያስገባል። ለእነዚህ የሚሸጠው መለዋወጫ ሞጁሉን ከብረቱ የሚያርቁ ማስደገፊያዎች ይዞ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ጥፋተኛው ሞጁሏ መሆኗ እንዴት ይታወቃል? ሐኪም ሳይመረምር መድኃኒት እንደማያዝ ሁሉ፣ መካኒክም በቅደም ተከተል መሄድ አለበት። መጀመሪያ በኮምፒዩተር መመርመሪያ ኮዱ ይነበባል። ዩ 0109 ከመጣ ሌሎቹ ኮምፒዩተሮች ከፓምፕ መቆጣጠሪያው ጋር መነጋገር አልቻሉም ማለት ነው፤ ፒ 0087 ከሆነ የነዳጁ ግፊት ዝቅ ብሏል። ይሁን እንጂ ኮድ ጥቆማ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ቀጥሎ የነዳጁ ግፊት በጌጅ ተለክቶ ፋብሪካው ለዚያ መኪና ካወጣው ቁጥር ጋር ይመሳከራል። ከዚያ ፊውዙ ይታያል፤ ሞጁሏ መሰኪያ ላይ ከባትሪ የሚመጣው ኃይልና የሻንሲው መሬት መድረሳቸው ይለካል። ኃይልና መሬት ሳይደርሳት የቀረች ሞጁል ጥፋት የለባትም፤ ጥፋቱ የሽቦው ነው።

ኃይሉም መሬቱም ትእዛዙም ደርሷት ወደ ፓምፑ ምንም ካላስተላለፈች ጥርጣሬው ይጠነክራል። በዚህ ጊዜ ፓምፑ፣ የቤንዚን ጢስና የእሳት ብልጭታ በሌለበት፣ በጥንቃቄ በቀጥታ ኃይል ተሰጥቶት ይሞከራል። ከሠራ አልሞተም። ግን ሥራው እዚህ ላይ አያበቃም፤ ፓምፑ የሚወስደው አምፔር መለካት አለበት። ያረጀ ፓምፕ ከመጠን በላይ ኃይል እየጎተተ ሞጁሏን ሊያቃጥል ይችላል። ይህ ካልታየ አዲሷም ሞጁል የአሮጌዋ ዕጣ ይደርሳታል። ችግሩ ሲሞቅ መጥቶ ሲቀዘቅዝ የሚጠፋ ከሆነም ምርመራው መካሄድ ያለበት መኪናው በታመመበት ሰዓት ነው። ቀዝቅዞ የዳነ መኪና ለማንም ምስጢሩን አያወጣም።

ለውጡ ራሱ ከምርመራው ይልቅ ቀላል ነው። የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታል፣ ስኮርታው ይወርዳል፣ መሰኪያው ይነቀላል፣ ብሎኖቹ ይፈታሉ። መሰኪያው ውስጥ አረንጓዴ ዝገት ካለ እሱም አብሮ ይጠገናል፤ አለበለዚያ ገንዘቡ ውሃ በላው ማለት ነው። በጄኔራል ሞተርስ መኪናዎች ደግሞ አዲሷ ሞጁል ከሣጥኗ እንደወጣች ሥራ አትጀምርም፤ ለዚያ መኪና ፕሮግራም መደረግ አለባት። ፕሮግራም ማድረጊያ የሌለው ጋራዥ ይህን አስቀድሞ መናገር ይገባዋል። ከአሮጌ መኪና የተፈታ ሞጁል በርካሽ መግዛትም ያንኑ ጨው የበላውን ዕቃ መልሶ መግዛት ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ጥፋቱን ሁሉ በመካኒኩ ላይ መጫን ፍትሕ አይደለም። ብዙ ደንበኛ ዕቃ ሲለወጥ በደስታ ይከፍላል፤ «ለምርመራ» ሲባል ግን «ለማየት ብቻ ደግሞ ገንዘብ?» ብሎ ይቆጣል። የአገር ልጅ ስለሆነ በነጻ እንዲያይለት ይፈልጋል። የአንድ ሰዓት ዕውቀቱ ዋጋ የተነፈገው መካኒክ ኑሮውን የሚያገኘው ዕቃ በመለወጥ ብቻ ይሆናል፤ ስለዚህም ይለውጣል። ደንበኛው የምርመራውን ዋጋ ያተረፈ መስሎት ያላስፈለገውን ፓምፕ ዋጋ ይከፍላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ችግር ይሉኝታ ነው። ከወገን ጋር ሲሆን ወረቀት መጠየቅ እንደ አለማመን ይቆጠራል። ሕጉ ግን ይህን መብት ሰጥቷል። በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ ደንበኛው ከጠየቀ ጋራዡ ግምቱን በጽሑፍ መስጠት አለበት፤ ያለ ደንበኛው ፈቃድም ከግምቱ ከ10 በመቶ በላይ ጨምሮ ማስከፈል አይችልም። የተለወጠውን አሮጌ ዕቃ መልሶ የመጠየቅ መብትም አለ። ወረቀቱ ሁለቱንም ወገን ይጠብቃል። ሐቀኛውን መካኒክ ከሐሜት፣ ደንበኛውን ከኪሳራ፣ ጓደኝነቱንም ከመፍረስ ያድናል።

ማንኛውም ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ደግሞ የመኪናውን 17 ፊደልና ቁጥር ይዞ በፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በኩል የፋብሪካ ጥሪ መኖሩን ማየት ወጪ የለውም። ቶዮታ በ2020 እ.ኤ.አ. በነዳጅ ፓምፕ ጉድለት ምክንያት እጅግ ብዙ መኪናዎችን ጠርቷል፤ እንዲህ ያለ ጥሪ ሲኖር አከፋፋዩ በነጻ ይጠግናል። በነጻ የሚገኘውን በገንዘብ መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

በሀይዌይ መሀል ድንገት የሚጠፋ ሞተር ጉዳቱ የገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ከኋላ በፍጥነት የሚመጣ መኪናና ውስጥ የተቀመጠ ተሳፋሪ አለ። ስለዚህ ሹፌሩ ለምርመራ ይክፈል፤ መካኒኩም ምን እንደለካና ምን እንዳገኘ ጽፎ ይስጥ። «ይመስለኛል» ከተባለ ዕቃ አይገዛ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ በሽታው ሳይታወቅ የተገዛ መድኃኒትም እንዲሁ ከንቱ ነው።