የደበቅኋት ሳል

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶቻችን። ይህን ምሳሌ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ለተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ ጽፌላቸዋለሁ። እኔ ራሴ ግን ከጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ሆኜ አፍርሼዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ መገኘቱ በተነገረ ጊዜ ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርሁ። ብዙ ሳይቆይ ትምህርቱ ተቋረጠና ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ወላጆቼ ቤት ተመለስሁ። በግንቦት ወር መንጋጋ ጥርሴ ያመኝ ጀመር። ሐኪም ቤት መሄዱን ስለ ፈራሁ በነጭ ሽንኩርትና በቅርንፉድ ሳታልለው ሰነበትሁ። በመጨረሻ ግን ጉንጬ አብጦ እንቅልፍ ቢነሣኝ ሄድሁ።

ከበሩ ላይ እጄን ታጠብሁ፤ ሙቀቴም ተለካ። ሐኪሙ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ራቅ ብለው ቆመው «ልጄ፣ ትኩሳት አለህ? ሳልስ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ሳል ከጀመረኝ ሁለት ቀን ሆኖኝ ነበር። ነገር ግን እውነቱን ብናገር ይመልሱኛል ብዬ «የለብኝም» አልሁ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ውሸት ከሌላው ውሸት የሚከፋበት ምክንያት አለው። በሌላው የሕክምና ክፍል በሽተኛው አፉን ሸፍኖ ሊታከም ይችላል፤ ከጥርስ ሐኪም ዘንድ ግን አፍን ሳይከፍቱ መታከም የለም። የሐኪሙም ፊት ከበሽተኛው አፍ የሚርቀው ሁለት ስንዝር ያህል ቢሆን ነው። መሰርሰሪያው በደቂቃ ከ300,000 ጊዜ በላይ ስለሚዞር፣ ሙቀቱ ጥርሱን እንዳይጎዳ ውሃ ይረጭበታል። ውሃውም ከምራቅና ከደም ጋራ ተደባልቆ እንደ ጉም ይበተናል። ደቃቁ ክፍል በአየር ላይ ስለሚቆይ በኋላ የሚገባው ሰው ሊተነፍሰው ይችላል። የዓለም የጤና ድርጅት በሐምሌ መጨረሻ 2012 ዓ.ም. በሽታው በሚዛመትበት ስፍራ አስቸኳይ ያልሆነ የጥርስ ሕክምና ይዘግይ ብሎ የመከረውም ስለዚህ ነው።

ሐኪሙ ከበኩላቸው የሚገባውን ሁሉ አደረጉ። መስኮቱን ከፈቱ፤ ጭምብል፣ የፊት መከለያና አዲስ ጓንት አጠለቁ፤ አፌንም በመድኃኒት እንድጉመጠመጥ አደረጉ። ረዳታቸው ምራቄን በመምጠጫ ስትስብ፣ እሳቸው መሰርሰሪያውን ሳይነኩ ጥርሱን ነቀሉልኝ። መሣሪያዎቹን ያወጡት ከታሸገ ከረጢት ነበር። ይህም ትልቅ ነገር ነው። አዲስ አበባ ከፍ ካለ ስፍራ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላባት በ92 ዲግሪ ግድም ነው፤ አንዳንድ ብርቱ ተሐዋስያን ደግሞ በ100 ዲግሪም አይሞቱም። ስለዚህ መሣሪያ መቀቀል ብቻውን አይበቃም። አውቶክሌቭ በሚባለው ማሽን በታመቀ እንፋሎት በ121 ዲግሪ ቢያንስ 15 ደቂቃ መቆየት አለበት።

ከዚያ በኋላ 14 ቀን ያህል የእኔን ሳል ሳይሆን የሐኪሙን ትንፋሽ ስቈጥር አደርሁ። የእኔ ሳል በሦስተኛው ቀን ለቀቀኝ፤ የእሳቸውን ነገር ግን በምን ልወቅ? በወሩ ተመልሼ ብሄድ ደኅና ሆነው አገኘኋቸው። ዐይኔን ወደ መሬት ጥዬ እውነቱን ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም አሉና «ብትነግረኝ ኖሮ አልመልስህም ነበር። ካንተ በኋላ ሌላ ሰው እንዳይገባ የመጨረሻውን ተራ እሰጥህ ነበር» አሉኝ።

ከእኔ በኋላ ተራ ስትጠብቅ የነበረችው ልጅ ያዘለች እናት ትዝ ያለችኝ ያን ጊዜ ነው።

የኮሮና ወረርሽኝ የዓለም አስቸኳይ የጤና ሥጋት መሆኑ ያበቃው በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. ነው፤ ጉንፋንና የሳንባ ነቀርሳ ግን አሁንም ከእኛው ጋራ ናቸው። እንግዲህ ተማሪም ሆንህ የቢሮ ጸሐፊ፣ ጥርስህ ሲያምህ ከአለቃህ ፈቃድ መጠየቁን አትፍራ፤ ሳታብጥ ሂድ። መሣሪያው በምን እንደ ጸዳ ጠይቅ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሐኪሙ ሲጠይቅህ ደግሞ እውነቱን ተናገር። ጭምብሉንና ጓንቱን ሐኪሙ ያመጣል፤ እውነቱን ይዘህ መምጣት ግን ያንተ ፈንታ ነው።