ጅብ ከሄደ የሚጮህ ቴርሞሜትር

ጓደኛዬ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። በሳምንት ሦስት ሌሊት አረጋውያን እየተንከባከበች ታድራለች፣ በቀሪው ጊዜ የነርስነት ትምህርቷን ትማራለች። የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን ስድስት ዓመት ወስዳ ባለፈው መስከረም አቆመች። ልጅ ትፈልጋለች፤ ግን ትምህርቷ ካለቀ በኋላ ነው። እስከዚያው ጠባቂ ይሆነኛል ብላ የገዛችው ከስልኳ ጋር የሚነጋገር ቴርሞሜትር ነው። ዓይኗን ስትገልጥ ከራስጌዋ አንስታ ምላሷ ሥር ትከተዋለች። ቀና ማለት የለም፣ ውሃ መጎንጨት የለም። ጥቂት ቆይቶ ስልኩ አረንጓዴ ወይም ቀይ ያበራል። አረንጓዴ ከሆነ ነፃ ነሽ፣ ቀይ ከሆነ ተጠንቀቂ ነው።

«ተፈጥሯዊ እኮ ነው፤ ምንም ኬሚካል የለውም» አለችኝ።

ይቺ አነጋገር ዛሬ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን በየቡናው ላይ ትሰማለች። ኪኒን መርዝ፣ ቴርሞሜትር ተፈጥሮ። እኔ ደግሞ በዚህ አልስማማም።

ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። እንቁላል ከወጣ በኋላ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን ይጨምርና የሰውነትን ሙቀት ከ0.2 እስከ 0.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ከፍ ያደርገዋል። ይህን ኔዘርላንዳዊው ሐኪም ቫን ደ ቬልደ ካስተዋለው ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አዲሱ ነገር ስልኩ ብቻ ነው። ታዲያ «ከወጣ በኋላ» የምትለዋን ልብ በሉ። የወንድ ዘር ሴቷ ውስጥ እስከ አምስት ቀን በሕይወት ሊቆይ ይችላል፤ እንቁላሉ ግን አንድ ቀን እንኳ ሞልቶ አይቆይም። ስለዚህ ለማርገዝ የሚያበቁት ቀናት በአብዛኛው እንቁላሉ ከመውጣቱ በፊት ያሉት ናቸው። ሙቀቱ ከፍ ብሎ ሲታይ እነዚያ ቀናት አልፈዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

አምራቾቹ ይህን ያውቁታል። መልሳቸውም፣ መሣሪያው ያለፉትን ወራት አጥንቶ የሚመጣውን ይተነብያል የሚል ነው። ወር በገባ ቁጥር እንደ ሰዓት ለሚዞርላት ሴት ያስኬዳል። ኪኒን ትናንት ላቆመች ሴት ግን የሚጠናው ያለፈ ወር የቱ ነው? ኪኒን ላይ እያለች ታየው የነበረው ደም እውነተኛ የወር አበባ አይደለም፤ ሆርሞኑ ለጥቂት ቀናት ሲቋረጥ የሚመጣ መድማት ነው። እንቁላሉ ተኝቶ ነበር። መቼ እንደሚነቃ ደግሞ ቀድሞ የሚያውቅ የለም፤ አንዷ በሳምንታት ውስጥ፣ ሌላዋ በሁለትና በሦስት ወር። የመጀመሪያው እንቁላል የሚወጣው የመጀመሪያው የወር አበባ ከመታየቱ በፊት ስለሆነ፣ አንድም ወር ሳታይ ልታረግዝ ትችላለች። መሣሪያው ምንም በማያውቅበት ሰዓት ነው እንግዲህ ጠባቂ ሆኖ የሚቀጠረው።

ይኼ የእኔ ምቀኝነት አይደለም። ናቹራል ሳይክልስ የሚባለው፣ እንዲህ ባለ ቴርሞሜትር የሚሠራ የስዊድን መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በ2018 ከአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ሲያገኝ በቀረበው መረጃ ላይ፣ በተለመደው አጠቃቀም በዓመት ከ100 ሴቶች 6.5 ያህሉ ያረግዛሉ ተብሎ ተጽፏል። ሆርሞን ካቆሙ 60 ቀን ባልሞላቸው ላይ ቁጥሩ 8.6 ይደርሳል፤ ዓመት ሙሉ ሆርሞን ባልነካቸው 5 ነው።

በዚያው ዓመት መጀመሪያ ስቶክሆልም ውስጥ አንድ ትልቅ ሆስፒታል፣ በአራት ወር ውስጥ ጽንስ ለማቋረጥ ከመጡ 668 ሴቶች 37ቱ የዚሁ መተግበሪያ ተጠቃሚዎች እንደነበሩ አስታውቆ ነበር። ፍርደ ገምድል እንዳልሆን፣ የስዊድን የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ጉዳዩን መርምሮ እርግዝናው ኩባንያው ካሳወቀው መጠን አላለፈም ብሎ ፋይሉን ዘግቶታል። የእንግሊዝ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ ግን ነሐሴ ላይ መተግበሪያው እጅግ ትክክለኛ ነው የሚለውን የፌስቡክ ማስታወቂያ አገደ። ከመተግበሪያው መሥራቾች አንዷ ሰርን በሚባለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ውስጥ የሂግስ ቅንጣትን ፍለጋ የተሳተፈች የፊዚክስ ሊቅ ናት፤ ይህም በየዜናው ይነገርላታል። ጎበዝ ናት፣ አልክድም። ጓደኛዬ ሌሊቱን ሙሉ ቆማ አድራ ከረፋዱ አራት ሰዓት ስትተኛ ግን ሙቀቷን የሚያዛባው ሂግስ አይደለም። እንቅልፍ ማጣት፣ መጠጥ፣ ጉንፋን፣ ሌሊት የሚያለቅስ ሕፃን፣ ሁሉም ያዛባዋል። የምንለካው እኮ የዲግሪ ስባሪ ነው።

ደግሞስ መከላከያው የቱ ነው? በቀይ ቀን ወይ መታቀብ ነው ወይ ኮንዶም። እርግዝናን የሚከለክለው ኮንዶሙ ነው፤ መሣሪያው ተራ አስከባሪ ነው። ተራ አስከባሪ ይከፈለዋል፣ ይጮሃል፣ መኪናውን ግን አይነዳም።

ለኪኒን ጥብቅና የቆምኩ አይምሰላችሁ። ራስ ምታቱ፣ የደም መርጋት ስጋቱ፣ ፍላጎት ማጣቱ የፈጠራ ወሬ አይደለም። ሴቶቹ ይህን ሲናገሩ «ይለመዳል» ተብለው ተሸኝተዋል። ወደ ቴርሞሜትሩ ከገፏቸው ነገሮች አንዱ ይኼ ንቀት ነው ባይ ነኝ፤ ለዚህ የጤና ባለሙያዎቻችን ተጠያቂ ናቸው። ግን የተገፋ ሰው የትም ይገባል ማለት አይደለም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ አሮጌው «ኪኒን ማህፀን ያደርቃል» አዲስ ቀሚስ ለብሶ መመለሱ ነው። አያቶቻችን ያደርቃል አሉ፤ የዛሬዎቹ ሰውነትሽ ከሆርሞኑ እስኪጸዳ ጠብቂ ይላሉ። ኪኒን በየቀኑ የሚዋጠው ለምን ይመስላችኋል? ከሰውነት ቶሎ ስለሚወጣ ነው። ለዓመታት ተጠራቅሞ የሚቀር ቢሆን ኖሮ ሁለት ቀን የረሳች ሴት ባልደነገጠች። የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲዎቹ ታደለ ግሩምና አበባው ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2018 የ22 ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ አድርገው ሲያሰሉ፣ መከላከያ ካቆሙ ሴቶች 83 በመቶ ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ አርግዘዋል። የሚዘገየው የሦስት ወሩ መርፌ ነው፤ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ለማርገዝ በአማካይ አሥር ወር ያህል ሊወስድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ባለትዳር ከሆኑት ኢትዮጵያውያት 23 በመቶው መርፌ፣ 2 በመቶው ብቻ ኪኒን ይጠቀሙ ነበር። የመርፌውን መዘግየት ኪኒኑ የተሸከመው ይመስለኛል።

ልጅ አሁኑኑ ለምትፈልግ ሴትም ቢሆን ቴርሞሜትሩ ዘግይቶ የሚደርስ ደብዳቤ ነው። እንቁላሉ ሊወጣ ሲል ከማህፀን በር የሚመጣው ፈሳሽ እንደ ጥሬ እንቁላል ነጭ ይለጠጣል፤ ይኼ በነፃ ነው፣ ቀድሞም ይናገራል። በሽንት የሚመረመረው ወረቀትም አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ቀድሞ ያሳያል። በየሁለት በሦስት ቀኑ መገናኘት ደግሞ ምንም ስሌት አይፈልግም።

ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና የወሩን ሰንጠረዥ ፎቶ ላከችልኝ። የሥራ ሌሊቶቿ ባዶ ናቸው፤ ከቀሩት ብዙዎቹ ቀይ።

«ታዲያ በቀይ ቀን ባለቤትሽ ምን ይላል?» አልኳት።

ሳቀች። «ማታ ማታ ‹ዛሬ መብራቱ ምንድን ነው?› ይለኛል። ቀይ ነው ስለው፣ ‹ይሳሳት ይሆናል› ይላል።»