አያቴ ሥዕሉ ውስጥ አልነበረችም



ባለፈው ሴሚስተር «ሰፈራችሁን ከ30 ዓመት በኋላ ሣሉ» ተባልን። እኔ መልካ ጀብዱን ሣልኩ። የኢንዱስትሪ ፓርኩን አሰፋሁት፤ ሾፌር የሌለው አውቶቡስ እስከ ነፃ የንግድ ቀጠናው ዘረጋሁ፤ ጣሪያውን ሁሉ በሶላር ሸፈንኩ። አልሐምዱሊላህ፣ ጥሩ ውጤት አገኘሁ። ቤት ገብቼ በስልኬ ለአያቴ ሳሳያት ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና «ሰዉ የት ሄደ? ፍየሎቹስ የት ይጠጣሉ?» አለችኝ።

በኦሮምኛ «መልካ» የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። በእኔ ሥዕል ግን የሚሻገር ሰውም፣ የሚሻገሩት ውሃም የለም።

ሳይንስ ፊክሽንን በአንትሮፖሎጂ ዓይን ስታነቡት ዋናው ጥያቄ «ይሆናል ወይ?» አይደለም። በዚያ ዓለም ሰው ተብሎ የሚቆጠረው ማን ነው? ማን ከማን ጋር ይበላል? ቆሻሻውን ማን ይጠርጋል? ድሬዳዋ ይህን ታውቀዋለች። በ1902 (እ.ኤ.አ.) ባቡሩ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ከብዶት እዚህ ሲደርስ ከዚራ በማስመሪያ ተሠመረች፤ ከደቻቱ ማዶ መጋላ ጠመዝማዛ መንገዷን ይዛ በራሷ አደገች። ሣዩ ለራሱ ሰው ቦታ ያዘ።

በ2015 (እ.ኤ.አ.) የወጣው «ክረምብስ» የተባለ የአማርኛ ፊልም ኢትዮጵያን ከዓለም ጥፋት በኋላ ያሳያል፤ የፕላስቲክ አሻንጉሊት እንደ ቅርስ ይከበርበታል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ዳይሬክተሩ ግን ስፔናዊ ነው። እኛስ?

ለእኛ የሚቀርብ ምሳሌ ያገኘሁት ከቤንጋል ነው። ሮኬያ ሰኻዋት ሁሴን መደበኛ ትምህርት ቤት ያልገባች፣ ቤት ውስጥ በወንድሟ እገዛ የተማረች ሙስሊም ናት። በ1905 (እ.ኤ.አ.) «የሱልጣና ሕልም» የሚል አጭር ልብወለድ አሳተመች። በዚያ አገር ሳይንቲስቶቹ ሴቶች ናቸው፤ በፀሐይ ሙቀት ያበስላሉ፤ ውሃውን ገና ሳይዘንብ ከደመናው ይስቡታል። ወንዶቹ ቤት ተዘግቶባቸዋል! (ወንድሞች፣ አትቆጡ፤ ቦታ ስትቀያይር ነው ነገሩ የታየው።) ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው በወሰደባት ከተማ ያደገ ሰው ስለዚያ ደመና ሲያነብ ዝም ብሎ አያልፈውም።

አንድ የጀማዓችን ወንድም «ነገን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው፤ ይሄ ጊዜ ማባከን ነው» ብሎኛል። ገይብ የአላህ ብቻ መሆኑ ላይ ልዩነት የለንም። ግን ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ያልመጣውን ጎርፍ አስቦ ነው የሚሠራው፤ ጠንቋይ ያለው ሰው የለም። «እንዲህ ቢሆንስ?» ማለትና «እንዲህ ይሆናል» ማለት ለየቅል ናቸው።

ሥዕሉን እንደገና ጀምሬዋለሁ። መጀመሪያ የሠመርኩት የውሃውን መንገድ ነው። ሠራተኛው ዐስርን የት እንደሚሰግድ፣ ከማታ ፈረቃ የሚወጡ እህቶች በየት በኩል ቤታቸው እንደሚገቡ ገና አልወሰንኩም፤ በተለይ ሁለተኛውን ለብቻዬ መወሰን አልፈልግም። ሲቪልም ሆነ ኤሌክትሪካል የምትማሩ እህቶች ብትጨመሩበት ደስ ይለኛል። የፍየሎቹን ቦታ አያቴ ራሷ በጣቷ አሳይታኛለች።