ትዝታ ብቻ ነው እንዴ?

ባለፈው ሴሚስተር ካፌ ቁጭ ብለን ሻይ እየጠጣን ሳለ አንድ የክፍላችን ልጅ ስልኬን አጮልቆ አየና «ይሄን የድሮ ጌም እስካሁን ትጫወታለህ እንዴ?» አለኝ። ስክሪኑ ላይ የነበረው ክሮኖ ትሪገር ነው። «አዎ፣ በጣም ነው የምወደው» አልኩት። «ትዝታ ነዋ! የልጅነት ነገር መቼ ይረሳል» ብሎ ወደ ሻዩ ተመለሰ። ወሬው በዚያው አለቀ። እኔ ግን ማታ ዶርም ገብቼ ስተኛ ነገሩ አልዋጥልህ አለኝ። ምክንያቱም ክሮኖ ትሪገርን ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወትኩት አምና ነው፣ የሃያ ዓመት ልጅ ሆኜ። ጌሙ ጃፓን ውስጥ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ያኔ እኔ አልተወለድኩም። ታዲያ ያልነበርኩበት ዘመን ከየት መጥቶ ይታወሰኛል?

ውድ አንባቢያን፣ ወደ ክርክሩ ከመግባቴ በፊት ነገሩን ለማታውቁት ትንሽ ላስረዳ። በየሰፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት በጨዋታ እየተከፈለ የምንጫወተው ኳስ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል፤ የተሸነፈ ይነሳል፣ ተረኛ ይቀመጣል። ሮል ፕሌይንግ ጌም ወይም በአጭሩ አር.ፒ.ጂ. የሚባለው ግን ሌላ ነው። አንድ ገጸ ባሕርይ ትይዛለህ፣ ከተማ ለከተማ ትዞራለህ፣ ሰው ታናግራለህ፣ ትዋጋለህ፣ ቀስ በቀስ ትጠነክራለህ። ለመጨረስ ሃያ፣ ሠላሳ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሰዓት ይፈጃል። ጃፓኖች ድራጎን ክዌስትን እ.ኤ.አ. በ1986፣ ፋይናል ፋንታሲን ደግሞ በ1987 ካወጡ በኋላ የዚህ ዓይነት ጌም በዓለም ላይ ብዙ ወዳጅ አፍርቷል። የሚገርመው ግን ዛሬ ፊልም የሚመስል ጌም በየወሩ በሚወጣበት ዘመን እንኳን እነዚያን በጥቃቅን ነጠብጣብ የተሳሉ አሮጌ ጌሞች የሚጫወት ሰው አለመጥፋቱ ነው። ይህን ለማስረዳት ብዙው ሰው የሚያነሳት አንዲት ቃል ናት፤ ትዝታ።

እውነቱን ለመናገር ትዝታ ምንም ሥራ የለውም ብዬ አልከራከርም። የራሴን ምስክርነት ልስጥ። ልጅ ሆኜ አጎታችን ከዱባይ በላከልን ፕሌይስቴሽን ታላቅ ወንድሜ ፋይናል ፋንታሲ ሰባትን ይጫወት ነበር። ጌሙ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣና ሦስት ሲዲ የሚሞላ ነው። እኔ እንግሊዝኛ ማንበብ አልችልም፤ ወንድሜ እየተረጎመ ይነግረኛል። ግማሹን ከራሱ እየጨመረ እንደነበር የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። የድሮ አር.ፒ.ጂ. ደግሞ እንደ ዛሬው በፈለጉበት ቦታ ሴቭ አያስደርግም። ወንድሜ ሴቭ የሚደረግበት ቦታ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው መብራት ይሄዳል፤ የሁለት ሰዓት ልፋት አፈር በላው ማለት ነው። አንድ ቀን በጨለማ ውስጥ ጆይስቲኩን እንደያዘ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ መቀመጡን አስታውሳለሁ። ያኔ ማናችንም አልሳቅንም። ዛሬ ግን ሁለታችንም ያቺን ማታ እያነሳን እንስቃለን። ትዝታ ማለት እንግዲህ ይኼ ነው፤ ያበሳጨህን ነገር ሳይቀር ያጣፍጠዋል።

ኖስታልጂያ የሚለው የፈረንጆች ቃል መጀመሪያ የበሽታ ስም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1688 ዮሐንስ ሆፈር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ የሕክምና ተማሪ «ወደ ቤት መመለስ» እና «ሕመም» ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት አጣምሮ የሠራው ነው። ከአገራቸው ርቀው በናፍቆት ለሚታመሙ ሰዎች የሰጠው ስም መሆኑ ነው። ወንድሜ ዛሬ ዶሃ ይሠራል። ቃሉ ለእሱም ለእኔም ይሆናል።

ስለዚህ ፋይናል ፋንታሲ ሰባትን በተመለከተ እኔ ገለልተኛ ምስክር አይደለሁም። በጋዜጠኝነት ትምህርታችን የራሱ ጥቅም ያለበትን ጉዳይ የሚዘግብ ሰው መጀመሪያ ይህንኑ ለአንባቢ ይንገር ተብለን ተምረናል። አምና ጌሙን እንደገና ስጀምረው የመክፈቻው ሙዚቃ ገና ሲሰማ ሆዴ ተላወሰ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ግን ጥቂት እርምጃ በተራመድኩ ቁጥር ከየት መጣ ሳይባል ድንገት ውጊያ ሲከፈትብኝ ተሰላቸሁ። ሆዴን ያላወሰው ጌሙ ነው ወይስ ወንድሜ? እግዜር ይወቀው። ይህን ጌም ከክርክሩ አውጥቼዋለሁ።

ክሮኖ ትሪገር ላይ ግን ምንም ዓይነት የልጅነት ዕዳ የለብኝም። ታዲያ ለምን ወደድኩት? መልሱን ጌሙ ውስጥ ፈልጌ አገኘሁት። መጀመሪያ ላይ አንድ ትልቅ ባዛር አለ። እዚያ ስትዞር ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ የሰው ምሳ ታያለህ፤ ብትበላው የሚናገርህ የለም። ድመቷ የጠፋባት አንዲት ትንሽ ልጅም ታገኛለህ። ከሌላ ልጅ ጋር ተጋጭታችሁ ሁለታችሁም ስትወድቁ፣ መጀመሪያ እሷን ደህና መሆኗን ትጠይቃለህ ወይስ የወደቀውን ሐብሏን ታነሳለህ? ሁሉም ጨዋታ ይመስልሃል። በኋላ ግን ተይዘህ ፍርድ ቤት ትቀርባለህ፤ ያ ሁሉ ነገር አንድ በአንድ እየተጠቀሰ ማስረጃ ሆኖ ይቀርብብሃል። እኔ ምሳውን በልቼ ነበር። እውነት እላችኋለሁ፣ ብቻዬን ዶርም ውስጥ ቁጭ ብዬ አፈርኩ። ይህንን ያደረገኝ ትዝታ አይደለም፣ የተጠነቀቀ ጸሐፊ ነው።

ሌላም ልጨምር። ሮቦ የሚባል የብረት ገጸ ባሕርይ አለ። በረሃ የሆነ መሬት ላይ ደን ለማልማት ብቻውን ይቀራል፤ ጓደኞቹ በጊዜ መኪናቸው አራት መቶ ዓመት ወደፊት ይሄዳሉ። ለእነሱ ቅጽበት ናት። ለእሱ ግን አራት መቶ ዓመት ነው። ሲመለሱ ደኑ በቅሎ፣ እሱ አርጅቶ ያገኙታል። ይህ ሁሉ የሚነገረው በጥቂት መስመር ጽሑፍና ከአውራ ጣት በማይበልጡ ምስሎች ነው። ፊታቸው ላይ እንባ አይታይም። እንባውን የምትጨምረው አንተ ነህ።

ከዚህ በመነሳት የራሴ አስተያየት እንዲህ ነው። የክሮኖ ትሪገር ካርትሪጅ 4 ሜጋባይት ብቻ ነበር የሚይዘው፤ ዛሬ በስልክ የምናነሳው አንድ ፎቶ ያንን ያህላል። የሱፐር ኒንቴንዶ ማሽን በአንድ ጊዜ ከስምንት ድምፅ በላይ አያሰማም። ቦታ ስለሌለ የተራዘመ ነገር መጻፍ አይቻልም፤ የማያስፈልገው ይቆረጣል፤ ዜማው ብቻውን ሆድ እንዲያባባ ተደርጎ መሠራት አለበት። ሙዚቃውን የጀመረው ያሱኖሪ ሚትሱዳ ያኔ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ወጣት ነበር፤ ከሥራ ብዛት ታሞ ቀሪውን ኖቡዎ ኡየማትሱ ነው የጨረሰለት። እንዲህ የተለፋበት ነገር ሠላሳ ዓመት ቢቆይ ምን ይገርማል?

«አንተ አንድ ሰው ነህ፣ ለብቻህ ማስረጃ አትሆንም» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው። እንግዲያው ማዘር ሦስትን እንይ። ይህ ጌም እ.ኤ.አ. በ2006 ጃፓን ውስጥ ብቻ ወጣ፤ በእንግሊዝኛ በይፋ ወጥቶ አያውቅም። በ2008 አፍቃሪዎቹ ራሳቸው ያለ ክፍያ ተርጉመው በነፃ ለቀቁት። በዚያ ትርጉም ተጫውተው የወደዱት ሰዎች በልጅነታቸው ጌሙን በቋንቋቸው ሊያገኙት አይችሉም ነበር። ከእሱ በፊት የነበረው ኧርዝባውንድም እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ሲገባ ገበያ አልቀናውም። ያኔ ብዙ ሰው ካልገዛው፣ ዛሬ ያሉት አፍቃሪዎቹ ሁሉ በትዝታ ነው የመጡት ማለት ሂሳቡ አይመጣም።

በሌላ በኩል ደግሞ ድሮ የወጣ ሁሉ ጥሩ ነው የሚሉትንም አልደግፍም። በእነዚያ ዓመታት የወጡ፣ ዛሬ ስማቸውን የሚያነሳ የሌላቸው ብዙ ጌሞች አሉ። እነሱንም በልጅነቱ የተጫወተ ሰው ነበር። ትዝታ ብቻውን ጌምን ማቆየት ቢችል ኖሮ እነሱም በቆዩ። ደግሞም አዲሱ ዘመን ባዶ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው አንደርቴል በድሮው መልክ ተሠርቶ የዚህ ዘመን ልጆችን አስለቅሷል። ዋናው አሮጌ መሆኑ ሳይሆን ሥራው ነው።

«ትዝታ ነው» ማለት ምን ጉዳት አለው ትሉኝ ይሆናል። ጉዳቱ ነገሩን ሳይመረምሩ መዝጋቱ ነው። አንድ አዛውንት የድሮ ዘፈን ይሻላል ሲሉ «ትዝታ ነው» ብለን እናልፋለን፤ ዜማውንና ግጥሙን ግን አላዳመጥንም። መልስ የሰጠን ይመስለናል እንጂ ጥያቄውን ገና አልጠየቅነውም። በእኔ አስተያየት ትዝታ እስከ በሩ ድረስ ያደርስሃል። ከገባህ በኋላ የሚያስቀምጥህ ግን ቤቱ ራሱ ነው።

ይህን ጽሑፍ ከመጀመሬ በፊት አንድ ሙከራ አደረግኩ። ወንድሜ ክሮኖ ትሪገርን ነክቶት አያውቅም። ስልኩ ላይ እንዲጭነው ለመንኩት። «ከሥራ ደክሜ ነው የምገባው፣ አሁን የጌም ዕድሜ ላይ ነኝ?» አለኝ። ተውኩት። ሦስት ሳምንት ገደማ አለፈ። አንድ አርብ ማታ ደወለና ሰላምታ እንኳን ሳይሰጠኝ፣ «አንተ ልጅ፣ የሰውየውን ምሳ በልቼ ፍርድ ቤት አቆሙኝ እኮ!» አለኝ።

እየሳቀ ነበር። ያን ሳቁን አውቀዋለሁ፤ ጌሙን ግን ያወቀው ገና ሦስት ሳምንቱ ነው።